አዲስ መቀመጫ በአሮጌ ቱቦ፤ በአራዳ ነባር ቤቶች ስለሚደረግ የመጸዳጃ ቤት ሥራ

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሽንት ቤት ነው። በዚህ መጽሔት ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ማዕድን ሲጻፍ አንባቢ በአክብሮት ያነባል፤ ስለ ሽንት ቤት ሲጻፍ ግን ፈገግ ይል ይሆናል። ፈገግታውን አንቃወምም፤ እኛም በመጀመሪያ ፈገግ ብለን ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ አንዲትን አሮጊት እናት ውኃ መጠጣት እስከ መፍራት ያደረሳቸው መሆኑን ባየን ጊዜ በቁም ነገር ልንመረምረው ተገደድን።

እኚህ እናት የሚኖሩበት ቤት ከአራዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወረድ ከሚገኙት አሮጌ ፎቅ ቤቶች አንዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው አያሌ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ይህ ቤት ቆሞ ቀርቷል። የኋላ ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ ድንጋይ ነው፤ የፎቁ ወለል ሳንቃ ሲሆን በጓሮ በኩል ያለችው ጠባብ የሽንት ቤት ክፍል ብቻ ሲሚንቶ ፈሶባታል። ቤቱ መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ቤተ ሰብ ነበር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ግን ተከፋፍሎ ለአራት ቤተ ሰብ ተከራየ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ክፍሎቹ በኮምፔንሳቶ ሲከፋፈሉ የፍሳሹ ቱቦ አልተከፋፈለም። ለአንድ ቤተ ሰብ ተብሎ የተተከለው የብረት ቱቦ ዛሬ የአራቱንም ያወርዳል።

በፎቁ ላይ የነበረው ሽንት ቤት ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት፣ የቱርክ ዓይነት የሚባለው ነው። እናታችን ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አልቻሉም። ሌሊት ፖፖ አለ፤ ቀን ግን የልጅ ልጃቸው ብብታቸውን ይዛ ማስቀመጥና ማንሣት አለባት። ልጅቷ ትምህርት ቤት በምትውልበት ቀን እኚህ ሴት ከጧት ጀምሮ ውኃ አይቀምሱም። የቡናውን ሁለተኛ ሲያቀርቡላቸውም «ይቅርብኝ» ይላሉ፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ዝም ይላል። በመጨረሻ ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ገንዘብ ልካ የሚቀመጡበት ዓይነት እንዲገባላቸው ተወሰነ። ከእኛ አንዱ ለቤቱ ዘመድ በመሆኑ የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ ለማየት ችለናል።

መጀመሪያ የተጠራው ሠራተኛ ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ስሕተቱ ከቅደም ተከተል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከመርካቶ አንድ የሚያምር ነጭ መቀመጫ ገዝቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ነው ወለሉን የተመለከተው። የገዛው መቀመጫ ፍሳሹ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ የሚወጣ ሲሆን ከግድግዳው እስከ መውጫው መካከል 30 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። የአሮጌው ወለል ቀዳዳ መካከል ግን ከኋላው ግድግዳ 47 ሳንቲሜትር ይርቃል። መቀመጫው በቀዳዳው ላይ በትክክል ቢቀመጥ ከግድግዳው 17 ሳንቲሜትር መራቅ ይኖርበታል። መቀመጫው ራሱ 68 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ከግድግዳው እስከ በሩ ያለው ክፍል በሙሉ 1 ሜትር ከ25 ነው። ሂሳቡን አንባቢ ራሱ ያድርገው፤ ለጉልበት የሚቀረው 40 ሳንቲሜትር ብቻ ሲሆን በሩም ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው።

ሠራተኛው መቀመጫውን ከመመለስ ይልቅ መላ ፈለገ። መቀመጫውን ግድግዳው ሥር አስጠጋው፤ ከበታቹ 15 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የሲሚንቶ መደብ ሠራ፤ በመደቡም ውስጥ ከመቀመጫው መውጫ እስከ አሮጌው ቀዳዳ የሚደርስ 75 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ አጋደመ። ከዚህ የሰፋው መደቡ ውስጥ አልገባለትም። መጋጠሚያውን ሁሉ በሲሚንቶ ለሰነው። በሩቅ ሲያዩት ሥራው ያምር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ውኃው ሲለቀቅ ቶሎ መውረዱን ተወ፤ እስከ ጠርዙ ይሞላና እያጉረመረመ በዝግታ ይወርዳል። በሦስተኛው ሳምንት በምድር ቤቱ ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ ታየ። በመደቡ ከፍታ ምክንያት የእናታችን እግር ወለሉን አይነካም ነበርና ከመቀመጫው ለመነሣት ደግሞ የሰው እጅ አስፈለጋቸው። በላይና በታች ቤት መካከልም፣ አንድ ዕድር ያላቸው፣ ልጆቻቸው አብረው ያደጉ ሰዎች፣ ቃል እስከ መለዋወጥ ተደረሰ። እናታችን ወደ ፖፖው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። በዚህ ሥራ ላይ የሰማናቸው ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሲፎን፣ ፎሳ፣ ፖዜቶ። ሰፈሩም ራሱ ፒያሳ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ አልፎ ቃላቱ በሠራተኛው አፍ ላይ ቀሩ፤ አማርኛ ናቸው ብለን ስንጠቀምባቸው የሚከለክለን የለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ለመጽሐፍ ተብሎ የተፈጠረ ቃል ከመፈለግ ሠራተኛው የሚለውን ማለት መርጠናል። ሲፎን ስንል ውኃ ይዞ የሚቀረውን የታጠፈ አንገት፣ ፖዜቶ ስንል በጓሮ ያለውን ባለ ክዳን የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ፣ ፎሳ ስንል ፍሳሹ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ሠራተኛ ሽማግሌ ናቸው። ሲመጡ ምንም ዕቃ አልያዙም፤ ሜትር፣ ቱንቢና አንድ ባትሪ ብቻ። የቤቱን እመቤት ሰላም ካሉ በኋላ ወደ ሽንት ቤቱ አልገቡም፤ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቋሚውን ቱቦ ከሥር እስከ ጣራ ተመለከቱ፤ የፖዜቶውን ክዳን አስከፈቱ፤ ከዚያም፣ «አባባ፣ መቀመጫውን አያዩትም ወይ?» ብንላቸው፣ «መቀመጫማ ሱቅ ሞልቷል፤ ቱቦው ግን ይኸው አንድ ነው» አሉን። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ነባር ቱቦ ባለበት ቤት መቀመጫው የሚመረጠው በቱቦው ነው፤ የተገላቢጦሽ የተሠራ እንደ ሆነ ልዩነቱን በሲሚንቶ መሙላት ይመጣል።

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍሳሹ የሚወጣው በወለል ነው ወይስ በግድግዳ የሚለው ነው። በወለል ከሆነ ልስኑ ካለቀለት ግድግዳ እስከ ቀዳዳው መካከል ያለው ርቀት ይለካል። በገበያችን የሚገኙት የቻይና መቀመጫዎች ብዙዎቹ 30 ሳንቲሜትር ይፈልጋሉ፤ የአሜሪካኖቹ ልክ 12 ኢንች፣ ማለት 30 ተኩል ያህል ነው። ፍሳሹ በግድግዳ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሚለካው ካለቀለት ወለል እስከ ቀዳዳው መካከል ያለው ከፍታ ነው፤ በአውሮፓ ልክ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ 18 ወይም 18 ተኩል ሳንቲሜትር ናቸው። «ካለቀለት» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል፤ ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት የተለካ ከፍታ ሴራሚኩ ሲነጠፍ ይሳሳታል። ቀጥሎ የቱቦው ስፋት ነው። አሮጌው የብረት ቱቦ ባለ 4 ኢንች ነው፤ የዛሬው የፒቪሲ ቱቦ በውጭ ሲለካ 110 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱ ቀጥታ አይገጣጠሙም፤ በመካከላቸው የጎማ ማያያዣ ይገባል። የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሰፊ ወደ ጠባብ ቱቦ ከቶ መሄድ የለበትም፤ የመጀመሪያው ሠራተኛ 75 ሚሊሜትር ቱቦ ያጋደመ ጊዜ የመዝጊያውን ቦታ በገዛ እጁ አዘጋጀ ማለት ነው።

ሽማግሌው መደቡን ባፈረሱ ጊዜ ግን ከዚህ የባሰ ነገር ተገኘ፤ ይኸውም ከወለሉ በታች የቀረው የአሮጌው ሽንት ቤት ሲፎን ነው። ይህን ለመረዳት ሲፎን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

የፍሳሽ ቱቦ ከፎሳው ጋር በአየር የተገናኘ ነው። ፎሳ ውስጥ የሚበሰብሰው ነገር የሚያወጣው ጋዝ፣ ከነዚህም አንዱ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው፣ ቱቦውን ተከትሎ ወደ ቤት እንዳይገባ የሚከለክለው አንድ ጉርሻ ውኃ ብቻ ነው። ቱቦው እንደ ዳክዬ አንገት ታጥፎ ውኃ በእጥፋቱ ውስጥ እንዲቀር ይደረጋል። በእንግሊዝ አገር በ1775 በአውሮፓ አቆጣጠር አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል የሰዓት ሠሪ ለዚህ ዓይነቱ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት ወሰደ፤ እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ነገር አልተገኘም። በቱርኩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሲፎኑ ከሳህኑ ተለይቶ ከወለሉ በታች ይቀበራል። በሚቀመጡበት ዓይነት ግን ሲፎኑ ከመቀመጫው ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ወደ ውስጡ ሲመለከቱ የሚታየው ውኃ እሱ ነው።

እንግዲህ አዲሱ መቀመጫ ከነሲፎኑ በአሮጌው ሲፎን ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ በሁለቱ ውኃዎች መካከል አየር ይታሠራል። ከላይ የሚወርደው ውኃ አየሩን ይገፋዋል፤ አየሩ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ ይታመቅና ውኃውን መልሶ ይገፋል። መቀመጫው እስከ ጠርዙ መሙላቱና ማጉረምረሙ ከዚህ የመጣ ነበር። ሰው ሁሉ «ተደፍኗል» ብሎ በሽቦ ሲወጋው ከረመ፤ የሚወጣ ነገር አልነበረም። ሕጉ አጭር ነው፤ ለአንድ መቀመጫ አንድ ሲፎን።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን በታጠፈ የመስታወት ቱቦ ውኃ ሞልተው በአንዱ ጫፍ በአፋችን እንድንስብ ያደርጉን ነበር። ትንሽ ሲስቡት ውኃው ይነቃነቃል፤ ጠንከር አድርገው የሳቡት እንደ ሆነ እጥፋቱ ባዶ ሆኖ አየር ወደ አፍ ይገባል። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳሪዎቹን መጸዳጃ ቤት በተራ ስናጸዳ ያ የመስታወት ቱቦና ይህ አንድ መሆናቸውን አንድም ቀን አላሰብንም። የአራዳው ቤት ግን ሁለቱን አገናኘልን። የምድር ቤቱ ሰዎች ከላይ ውኃ በተለቀቀ ቁጥር የእነርሱ ሽንት ቤት «ቅልቅል» የሚል ድምፅ እንደሚያሰማና ወዲያው እንደሚሸት ለዓመታት ሲናገሩ ኖረዋል። የላይኞቹ ይህን ስለ ንጽሕናቸው እንደ ተነገረ ስድብ ይቆጥሩት ነበር። ነገሩ ግን የንጽሕና አልነበረም።

ቋሚው ቱቦ እስከ ጣራው በላይ የሚወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ የሚወርደው ውኃ በቱቦው ውስጥ እንደ ቡሽ እየገፋ ሲሄድ ከኋላው አየር ይስባል። ቱቦው በጣራው ላይ ክፍት ከሆነ አየሩ ከሰማይ ይገባል፤ የተዘጋ ከሆነ ግን የሚስበው ከቅርቡ ሲፎን ነው። አንድ ሲፎን የሚይዘው ውኃ 5 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቢሆን ሊቋቋመው የሚችለው የግፊት ልዩነት 490 ፓስካል ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ በመሆኗ የአየራችን ግፊት ወደ 76,000 ፓስካል ነው፤ ስለዚህ ሲፎኑን ባዶ ለማድረግ ከዚህ ግፊት ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ መጓደል ይበቃል። ሽማግሌው መሰላል ይዘው ጣራ ላይ ሲወጡ የቱቦው ጫፍ ተቆርጦ ከቆርቆሮው በታች ቀርቷል። ጣራው በታደሰ ጊዜ አናጢው «ዝናብ ያስገባል» ብሎ ቆርጦ ቆርቆሮ ደፍቶበታል። ይህ መቼ እንደ ሆነ የሚያስታውስ ሰው በቤቱ የለም። በዚያው ቀን ጫፉ ተቀጥሎ ከጣራው በላይ እንዲወጣ፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባበትም ወንፊት እንዲደረግበት ተደረገ። የታችኞቹ ሽንት ቤት ከዚያ ወዲህ ድምፅ አላሰማም። ከላይ አንድ ሰው ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ ብለን ለመጻፍ በወደድን ነበር፤ አልሆነም፤ ሆኖም በሚቀጥለው እሑድ የታችኛዋ እመቤት ለቡና ወደ ላይ ወጥተዋል።

አሁን ወደ መቀመጫው እንመለስ። ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው የወለሉን ሲፎን አውጥቶ ቀዳዳውን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነው፤ ይህ የታችኞቹን ኮርኒስ ማፍረስ ይጠይቃል፤ በዚያን ጊዜ ይህን ለመጠየቅ ፊት ያለው ሰው አልነበረም። ሁለተኛው መቀመጫውን በቀዳዳው ላይ አስቀምጦ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ነው። ይህም ሲፎኑን ለማውጣት ያው ኮርኒሱን ያስነካል። ሦስተኛው ወለሉን ጨርሶ ትቶ ፍሳሹ ወደ ኋላ የሚወጣ መቀመጫ መግዛትና በግድግዳው በኩል በቀጥታ ከውጭው ቋሚ ቱቦ ጋር መግጠም ነው። ቋሚው ቱቦ ከዚያው ግድግዳ ጀርባ የተተከለ ስለሆነ ይህ ተመረጠ። የመጀመሪያው መቀመጫ ግማሽ በማይሞላ ዋጋ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ግድግዳው 45 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ነው፤ ሁለት ሰዎች በመሮና በመዶሻ እየተፈራረቁ አንድ ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ቀዳዳው ወደ ውጭ ጥቂት እንዲያዘነብል ተደርጓል። የተጋደመ የሽንት ቤት ቱቦ ለአንድ ሜትር ርዝመት 2 ሳንቲሜትር ያህል ቢያዘነብል መልካም ነው፤ ከመቀመጫው እስከ ቋሚው ቱቦ 60 ሳንቲሜትር ስለሆነ አንድ ሳንቲሜትር ከጥቂት በቂ ሆነ። የመጀመሪያው ሠራተኛ ያጋደመው ግን በውኃ ልክ ሲታይ ፍጹም ጠፍጣፋ ነበር።

ቋሚውን የብረት ቱቦ መቁረጥ የሥራው አስፈሪ ክፍል ነው። ሰው ብረቱ በግድግዳው የተያዘ ይመስለዋል፤ ከዓመታት ዝገት በኋላ ግን ማቀፊያዎቹ በስም ብቻ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የላይኛው ክፍል የቆመው በታችኛው ላይ ተደግፎ ነው። ከመካከሉ የተቆረጠ ዕለት የላይኛው በሙሉ በሠራተኛው ራስ ላይ ይወርዳል። ሽማግሌው ስለዚህ ከሚቆረጠው በላይና በታች አዲስ የብረት ማቀፊያ በግድግዳው ላይ በብሎን አሠሩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መቁረጫው ተነሣ። በተቆረጠው ቦታ ቅርንጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ የፒቪሲ መገጣጠሚያ ገባ፤ ከላይም ከታችም ከአሮጌው ብረት ጋር የተያያዘው በሽብልቅ በሚጠብቅ ጎማ ነው። ቀጥ ብሎ የሚገባ ቲ ለውኃ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን ከጎን የሚመጣው ፍሳሽ ተቃራኒውን ግድግዳ መትቶ ይበተናል። ወደ አሮጌው የወለል ቀዳዳ የሚሄደው ቅርንጫፍም ከቋሚው ቱቦ ሥር ተቆርጦ በክዳን ታሸገ። ይህ ቸል ቢባል በተተወው ሲፎን ውስጥ ያለው ውኃ በጥቂት ሳምንት ይደርቅና ጋዙ ከወለሉ በታች ወደ ሳንቃው ይገባ ነበር።

ቱቦው ብረት ባይሆን ኖሮ ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር። በአንዳንድ አሮጌ ቤቶች የፍሳሽ ቱቦው ኢተርኒት የሚባለው፣ ሲሚንቶ ከአስቤስቶስ ጋር ተደባልቆ የተሠራው ግራጫ ቱቦ ነው። ይህን በኤሌክትሪክ መቁረጫ የሚቆርጥ ሰው የሚተነፍሰው ብናኝ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ኢተርኒት አይቆረጥም፣ አይፈገፈግም፤ ከመጋጠሚያው ተለይቶ እንዳለ ይነሣል፤ እሱም በውኃ እየራሰ።

መቀመጫውን ከቱቦው ጋር ያገናኘው የጎማ ማያያዣ ነው፤ ሲሚንቶ አልገባበትም። መቀመጫ ሸክላ ነው፤ ቱቦው ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ወለሉ ደግሞ በሳንቃ ቤት ውስጥ ሰው በተራመደ ቁጥር በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ይህን እንቅስቃሴ አያውቅም፤ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለዓይን ሳይታይ ለውኃ በቂ ነው። በታችኞቹ ኮርኒስ ላይ የታየው እድፍ ከዚያ የመጣ ነበር። መቀመጫው ከወለሉ ጋር በሁለት ብሎን ታሠረ፤ ብሎኖቹ ሸክላውን እንዳይሰብሩት በፕላስቲክ ማጠቢያ ላይ በእጅ ኃይል ብቻ ጠበቁ፤ ዙሪያው በሲሊኮን ተሞላ። ከኋላ በኩል ግን ሁለት ጣት ያህል ቦታ ሳይሞላ ቀረ። ስንፍና መስሎን ብንጠይቃቸው ሽማግሌው፣ «ቢያፈስ የት እንደሚያፈስ እንድታዩት ነው፤ ዙሪያውን ከዘጋችሁት ለታችኞቹ ነው የሚነግራቸው» አሉን። በመጨረሻም ከጎኑ ግድግዳ ላይ ለእጅ መያዣ የሚሆን አንድ ክንድ የብረት ዘንግ ተከሉ፤ ይህ በውሉ ውስጥ አልነበረም።

ፍሳሹ ከፖዜቶው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ ወደ ከተማው መስመር ነው ይላል፤ አንዳንዱ በራስ መኮንን ድልድይ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝ ነው ይላል። የአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ቤቶች የየራሳቸውን ፎሳ ይዘው መነሣታቸው የታወቀ ነው፤ ኋላ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ከሚወርደው መስመር ጋር የተገናኙም አሉ፤ ሳይገናኙ የቀሩም አሉ። ከእኛ አንዱ በፖዜቶው ውስጥ ዕጣን አጢሰን ጢሱ በየት እንደሚወጣ እንይ ቢል ሽማግሌው ተቆጡ፤ ከፎሳ የሚወጣው ሚቴን እሳት ሲነካው ይፈነዳል። ፎሳ ውስጥ ራሱን ያጎነበሰና የገባ ሰው በጋዙ ታፍኖ እንደሚሞትም ያን ጊዜ አስጠነቀቁን። በምትኩ የምድር ቤቷ እመቤት ቀይ ሥር ቀቀሉልን፤ ቀይ ውኃውን ከላይ ለቀን ክዳኖቹን እየከፈትን ተከተልነው። በሁለተኛው ፖዜቶ ታየ፤ ከዚያም በጓሮው ጥግ ባለው ፎሳ ገባ። ወንዙም ንጹሕ፣ ከተማውም ያልተገናኘ ሆነ፤ ፎሳው ግን እስከ አፉ ሊሞላ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር እንጨምር። የአሁኑ መቀመጫ ሳጥን በአንድ ጊዜ የሚለቀው 6 ሊትር ያህል ነው። በአሮጌው ዘመን ከፍ ብሎ ይሰቀል የነበረው ባለ ሰንሰለት ሳጥን ከዚህ አብልጦ ይለቅ ስለነበር የጓሮው ረጅም ቱቦ በዚያ ታስቦ ነው የተቀበረው። ውስጡ የዛገ ቱቦ ባለበት ቤት 6 ሊትር ሁሉን እስከ ፖዜቶው ላያደርስ ይችላል። በዚህ ላይ በሰፈሩ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ውኃ በሌለበት ቀን ከበርሜል በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ተለምዷል። በጆግ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ በባልዲ አንድ ጊዜ እንደ ማፍሰስ አይደለም፤ የሚያወርደው የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን በአንድነት መውረዱ ነው። ለልጅ ልጃቸው ይህን አሳይተናታል፤ ባልዲው ግማሹን አልፎ ተሞልቶ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ትንፋሽ።

እናታችን ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይገባሉ፤ ብቻቸውን ይወጣሉ። ባለፈው ጊዜ ስንሄድ ሦስተኛውን ቡና ይዘው አገኘናቸው። የምድር ቤቷ እመቤትም ለእርሳቸው ቤት እንድንለካ ጠይቀውን ለክተናል፤ የእርሳቸው ቀዳዳ ከግድግዳው 31 ሳንቲሜትር ስለሆነ ያን በርካሽ የተሸጠውን መቀመጫ ይቀበል ነበር። የፖዜቶው ክዳን ከወለላቸው በ20 ሳንቲሜትር ብቻ ዝቅ ስለሚል ግን ፎሳው በመኪና ሳይመጠጥ እዚያ ሥራ መጀመር አይቻልም። አራቱ ቤተ ሰቦች ለመኪናው ገንዘብ ማዋጣት ጀምረዋል፤ የሦስቱ ገብቷል።